ልጁ የረሳው ፊት

ባለፈው ቅዳሜ በንባብ ቡድናችን ስብሰባ ላይ ያደረግኩትን ንግግር ነው እዚህ የጻፍኩት። ያልነበራችሁ ልጆች በጽሑፍ ላኪልን ስላላችሁኝ ነው። ስናገር ሰዓት አልቆብኝ የዘለልኩትን ጨምሬበታለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ።

የተጠየቅኩት ስለ አንድ መጽሐፍ እንድናገር ነበር። አልቻልኩም፣ አራት ናቸው። አራቱን አንብቤ ለመጨረስ 12 ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ውስጥ 6ቱን ዓመት የመጨረሻው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ አልነካውም። ባለፈው ክረምት ነው የጨረስኩት። ማታ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ለማን ልደውል? የሚያውቀው ሰው አልነበረኝም። ዛሬ ለእናንተ መንገሬ ለዚያ ማታ ስልክ የመደወል ያህል ነው።

መጻሕፍቱ የስፔናዊው ጸሐፊ የካርሎስ ሩይዝ ዛፎን ናቸው። የመጀመሪያው «የነፋስ ጥላ» እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። «የመልአኩ ጨዋታ» በ2008፣ «የሰማይ እስረኛ» በ2011፣ «የመናፍስት ላብሪንት» በ2016 ተከተሉ። አራቱም አንድ ላይ «የተረሱ መጻሕፍት መቃብር» ይባላሉ። እኔ በእንግሊዝኛ ነው ያነበብኳቸው። አራቱንም የተረጎመችው ሉሲያ ግሬቭስ ናት፣ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሮበርት ግሬቭስ ልጅ፣ ስፔን ውስጥ በማዮርካ ደሴት ያደገች። ደሴቲቱን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዘመኑን ሁሉ፣ ምስጢሩን ሁሉ መተረክ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት የምፈልገው። እነዚህን አራት መጻሕፍት ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ስለ ተቃጠሉ መጻሕፍት፣ ስለ ክፉ ፖሊስ፣ ስለ ጨለማ ቤት ነው። እውነት ነው፣ አሉበት። ለእኔ ግን አራቱም መጻሕፍት የሚፈልጉት አንዲት እናትን ነው። ይህን የተረዳሁት ደግሞ ስጨርስ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1945 ነው። ባርሴሎና። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ 6 ዓመቱ፣ አገሩን የያዘው አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ነው። ዳንኤል ሴምፔሬ የሚባል ልጅ አለ፣ 10 ዓመት የሞላው፣ አባቱ በሳንታ አና መንገድ ላይ የመጻሕፍት መደብር ያለው። እናቱ ጦርነቱ እንዳበቃ በኮሌራ ሞታለች ተብሏል፣ የተቀበረችውም 4ኛ ዓመት ልደቱ ቀን ነው። ልጁ ማታ ማታ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ለእሷ ውሎውን ያወራላት ነበር፣ ትምህርት ቤት ምን እንደተማረ፣ ምን እንደገጠመው። አንድ ሌሊት እየጮኸ ይነቃል። ምን ሆነህ ሲባል፣ የእናቴ ፊት ጠፋብኝ ይላል። ሊያስታውሳት አልቻለም።

አባትየው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? አይዞህ ብሎ ብቻ አያስተኛውም። ጎህ ሳይቀድ ያለብሰውና ይዞት ይወጣል። ላ ራምብላን ተከትለው ወርደው አርኮ ዴል ቴያትሮ የምትባል ጠባብ መንገድ ይገባሉ፣ ዛሬም ያለች መንገድ ናት። አንድ ትልቅ የእንጨት በር ያንኳኳሉ። ከውስጡ ሰው ሁሉ የረሳቸው መጻሕፍት የሚጠበቁበት፣ መተላለፊያው የሚጠላለፍ፣ ማለቂያ የሌለው ቤት አለ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የመጣ ሰው አንድ መጽሐፍ ይመርጣል፣ እንደ ልጅ ይቀበለዋል፣ እስከ ዕድሜው ልክ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል። ስለ ቤቱ ደግሞ ለማንም አይናገርም። ልጁ ለእናቱም መንገር አይችል እንደሆነ ይጠይቃል። አባትየው፣ ለእሷማ ሁሉንም ልትነግራት ትችላለህ ይለዋል።

እዚህች ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እናቴ ያረፈችው 8ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ፎቶዋ አለ፣ ስለዚህ ፊቷ አልጠፋብኝም። እጇንም አስታውሳለሁ፣ አውራ ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ ነበራት፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ያገኛት ነው። የጠፋብኝ ድምጿ ነው። የሆነ ቀን ላይ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ ጥርግ ብሎ ሄደ። የተናገረችውን አውቃለሁ፣ ቃል በቃል ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ግን በእኔው ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የእናትሽ ድምፅ እንዴት ይረሳሻል የሚለኝ ሰው ይኖራል ብዬ እፈራ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በትንሽ ብር የገዛሁት፣ ሽፋኑ ጥጉ ላይ የተቀደደ የስፔን ልቦለድ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ የኔን ነውር የሚሸከም ልጅ ይዞ መጣ። ነጋዴው፣ ካልወደድሻት መልሺልኝ ብሎኝ ነበር። አልመለስኩለትም።

እሺ። ወደ መጽሐፉ።

ዳንኤል የመረጠው መጽሐፍ ሁሊያን ካራክስ የሚባል ጸሐፊ የጻፈው ነው። ጸሐፊውን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፊቱ በእሳት የተበላ አንድ ሰው ግን የካራክስን መጻሕፍት ካሉበት እየፈለገ ያቃጥላል። ለምን? ዳንኤል ያንን ሲፈልግ ያድጋል። ሲፈልግ ከፌርሚን ሮሜሮ ዴ ቶሬስ ጋር ይገናኛል። ፌርሚን መጀመሪያ ስናገኘው መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ነው፣ ሰውነቱ የግርፋትና የቃጠሎ ጠባሳ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። ሱጉስ የሚባል ከረሜላ ይወዳል፣ ኪሱ ከረሜላ አያጣም። ከአራቱ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሰው ቤቴ ይምጣልኝ ብባል እሱን ነው የምጠራው። መከራ ያየ ሰው ሁሉ ዝም ማለት የለበትም፣ አንዳንዱ ከመከራው ሲወጣ ምግቡን፣ ወሬውን፣ ፍቅሩን እጥፍ አድርጎ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈራችን አለ።

«ጎቲክ» የሚባለውን ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ባለፈው ጊዜ ጠይቃችሁ ነበርና። ብዙ ሰው ጎቲክ ሲባል መናፍስትና ደም ይመስለዋል። ዋናው ነገር ቤት ነው። ትልቅ፣ ያረጀ፣ የተዘጋ ቤት። አንድ በደል የተሠራበት፣ በደሉም ተሸፍኖ የቀረ። ሰዎቹ ያልፋሉ፣ ቤቱ ግን አይረሳም፣ እስከሚነገር ድረስ ይጠብቃል። በእንግሊዝ አገር ይህ ዓይነት ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1764 በሆራስ ዋልፖል ተጀመረ ይባላል፣ ያኔ ቤቱ ቤተ መንግሥት ነበር። ዛፎን ደግሞ ከተማዋን በሙሉ ቤት አደረጋት። ባርሴሎና ራሷ ናት የተዘጋው ቤት።

ባርሴሎና እኮ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ከተማ ናት፣ ፀሐይ የሚበዛባት። በዛፎን መጽሐፍ ግን ጭጋግ ነው፣ ዝናብ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ይህን ያደረገው ከተማዋን ስለማያውቃት አይደለም፣ እዚያው ተወልዶ ነው ያደገው። ግን በ1990ዎቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ኖረ፣ ለፊልም ጽሑፍ እየጻፈ። ባርሴሎናን ከሩቅ ሆኖ ነው የጻፋት። ከአገሩ የራቀ ሰው ቤቱን ሲያስብ የአየር ጠባዩን አይደለም የሚያስበው፣ የሆነበትን ነው። ዲሲ ያለችው የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባን በስልክ ስታወራልኝ ሁልጊዜ ክረምት ነው። እኔ እዚህ በፀሐይ እየተቃጠልኩ እሷ ስለ ጭቃ ትጠይቀኛለች።

ሌላም አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የባርሴሎና አሮጌው ሰፈር ጎቲክ ሰፈር ይባላል፣ እዚያ ሁለት ሕንፃዎችን የሚያገናኝ፣ በድንጋይ ጥልፍ ያጌጠ ድልድይ አለ። የሚያየው ሰው የመካከለኛው ዘመን ነው ይላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ከተማዋ ያጣችውን ትዝታ ራሷ ሠርታ ሰቅላዋለች። ይህንን ሳውቅ ዛፎንን ይበልጥ ወደድኩት። እሱም ያደረገው ያንኑ ነው፣ በቃል ነው እንጂ።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልለፍ። ብዙ ሰው «የመልአኩ ጨዋታ»ን አይወደውም። ግራ ያጋባል ይላሉ። በእርግጥ ያጋባል። ዘመኑ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ወደ ኋላ ነው፣ በ1920ዎቹ ውስጥ። ዳቪድ ማርቲን የሚባል ደሃ ጸሐፊ አለ፣ ልጅ እያለ አባቱ መጽሐፍ ሲያይበት ይመታው ነበር። አንድ እንግዳ አሳታሚ ከፓሪስ መጥቶ ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ አዲስ ሃይማኖት ጻፍልኝ ይለዋል። አሳታሚው ሰይጣን ነው? ወይስ ጸሐፊው አእምሮው ታሟል? መጽሐፉ አይመልስላችሁም። ለእኔ ከአራቱ በጣም ደፋሩ እሱ ነው። አንባቢውን አይዞህ አይለውም፣ ጥርጣሬው ውስጥ ትቶት ይሄዳል።

ግን እሱን አይደለም ልነግራችሁ የፈለግኩት። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ኢዛቤላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ አለች። ወላጆቿ ሱቅ አላቸው። ጸሐፊ መሆን ትፈልጋለች። የዳቪድ ማርቲንን በር ታንኳኳለች፣ ያባርራታል፣ ትመለሳለች። ጨለማ የዋጠውን ቤቱን ታጸዳለች፣ ምግብ ታበላዋለች፣ የጻፈውን አንብባ ይሄ አይረባም ትለዋለች። እሳት ናት። አፏ አይገዛም፣ ልቧ ደግሞ እንደ ዳቦ ነው። ሳነባት፣ ይህች ልጅ ባለችበት ገጽ ሁሉ መስኮት የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ነው ማን እንደሆነች የምንረዳው። የመጻሕፍት መደብሩን ባለቤት የሴምፔሬን ልጅ ታገባለች። ልጅ ይወልዳሉ። ስሙ ዳንኤል ነው።

አያችሁ? በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ እናትየው ፊት የላትም። ስሟም ጥላ ነው። ልጁ ረስቷታል። ሁለተኛውን መጽሐፍ ስናነብ ግን እኛ ብዙ ገጽ አብረናት ዋልን፣ ስትቆጣ ሰማናት፣ ስታለቅስ አየናት፣ እሷ መሆኗን ሳናውቅ። ስናውቅ ደግሞ ያለችው እኛ ጋ ነው፣ ልጇ ጋ አይደለችም። እሱ ያጣውን ፊት እኛ ይዘነዋል። ልንሰጠው ግን አንችልም፣ እሱ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ እኛ ውጪ ነን። ይህን ዘዴ ሌላ የትም አንብቤ አላውቅም። ዛፎን አራቱን መጻሕፍት በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ማንበብ ትችላላችሁ ብሏል፣ እያንዳንዱ ለብቻው በር ነው ብሏል። አከብረዋለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። በወጡበት ቅደም ተከተል አንብቧቸው። መጀመሪያ ከልጁ ጋር እናቱን እጧት። ከዚያ አግኟት።

ሦስተኛው መጽሐፍ አጭር ነው። እንደ ልቦለድ ከአራቱ ደከም ያለውም እሱ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ቤቶችን እንደሚያገናኝ መተላለፊያ ነው የሚመስለው። ግን የግድ ያስፈልጋል። እዚህ ፌርሚን ያለፈውን ሕይወቱን ለዳንኤል ይነግረዋል፣ ከጦርነቱ ማግስት በሞንጁይክ ተራራ ላይ ባለው ምሽግ ታስሮ የነበረበትን ጊዜ። ሞንጁይክ እውነተኛ ቦታ ነው። የካታሎኒያ ፕሬዚዳንት የነበረው ዩዊስ ኮምፓንይስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1940 የተረሸነው እዚያ ነው። ተራራው በአንድ ጎኑ እስር ቤት የነበረውን ምሽግ፣ በሌላ ጎኑ ትልቁን የመቃብር ቦታ ይዟል። የዳንኤል እናት የተቀበረችውም እዚያው ተራራ ላይ ነው።

ዳቪድ ማርቲንም እዚያ ታስሯል። የእስር ቤቱ አዛዥ ማውሪሲዮ ቫልስ ደራሲ መባል ያምረዋል፣ ችሎታው ግን የለውም፣ ስለዚህ እስረኛውን ጻፍልኝ ብሎ ያስገድደዋል። ይህን ክፍል ሳነብ ተርጓሚውን ነቢይ መኮንንን አለማሰብ አልቻልኩም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ፣ እስር ቤቱ ውስጥ የተገኘውን የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ፣ 3,000 በሚያህል ቁራጭ ላይ፣ ወደ አማርኛ መለሰው። የሚፈቱ እስረኞች ቁራጮቹን እየደበቁ አወጡለት። በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የዛፎን እስረኛ የልቦለድ ሰው ነው፣ የኛው በሥጋ የነበረ ሰው ነው። ለፈረንጅ አንባቢ የሞንጁይክ ምዕራፎች የጎቲክ ጌጥ ሊመስሉት ይችላሉ። ለእኛ ጌጥ አይደሉም።

ኢዛቤላ እዚያ እስር ቤት ድረስ ትመላለስ ነበር፣ ጓደኛዋን ለማስፈታት። ሦስተኛው መጽሐፍ የሚነግረን ሴትዮዋን የገደላት ኮሌራ ላይሆን እንደሚችል ነው። መርዝ ነው የሚል ጥርጣሬ አለ። ከጀርባው ማን እንዳለም ይነገረናል። ዳንኤል ይህን ሲሰማ ትልቅ ሰው ነው፣ አግብቶ ወልዷል። የሞተችበትን ምክንያት አወቀ። ፊቷን ግን አሁንም አላገኘም።

እንግዲህ አራተኛው።

«የመናፍስት ላብሪንት» ከ800 ገጽ በላይ ነው። ላብሪንት ማለት ገብተው መውጫው የሚጠፋበት የተጠላለፈ መንገድ ነው። የሚከፈተው በምን ይመስላችኋል? ዳንኤል ሕልም ያያል። ተመልሶ 10 ዓመቱ ነው፣ በልጅነት ክፍሉ ይነቃል፣ የእናቱ ፊት ጠፍቶበታል። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ከሦስት መጻሕፍት በኋላ፣ ጸሐፊው እዚያው አልጋ ላይ መለሰን።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ወደ ማርች 1938 ይወስደናል። አውሮፕላኖች ባርሴሎናን ይደበድባሉ። ፌርሚን አሊሲያ የምትባል ትንሽ ልጅ እጅ ይዞ በሚነድ ከተማ ውስጥ ይሮጣል። ይለያያሉ። ለ20 ዓመት ያህል ሞታለች ብሎ ይኖራል። እሷ ተርፋለች፣ ዳሌዋ ላይ የቀረው ቁስል ዕድሜ ልኳን ያሠቃያታል፣ አድጋም የአራተኛው መጽሐፍ መርማሪ ትሆናለች።

ያ ድብደባ ልቦለድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከማርች 16 እስከ 18 ቀን 1938 በሦስት ቀን ውስጥ ወደ 1,000 የሚሆን ሰው ሞቷል። የደበደበው የጣሊያን አየር ኃይል ነው። ትእዛዙ ከሙሶሊኒ ነው። አውሮፕላኖቹ የተነሱት ከማዮርካ ደሴት ነው፣ ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ደሴት፣ መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሴት በኋላ ያደገችባት።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። ቡና አፈላሁ። አስቡት፣ በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደሴን የደበደበው ይኸው አየር ኃይል ነው። ባርሴሎና ስትነድ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ገና 13 ወሩ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ልጇን ያጣች እናትና ባርሴሎና ላይ ከፍርስራሽ ውስጥ የወጣች ልጅ ስለ እርስ በርሳቸው አያውቁም። የበደላቸው እጅ ግን አንድ ነው። ሦስት መጻሕፍት ሙሉ የሩቅ አገር ታሪክ እያነበብኩ ነው ብዬ ነበር። አያቴ «የጣሊያን ጊዜ» የምትለው ጊዜ ውስጥ ነበርኩ ለካ።

አሁን ለምን 6 ዓመት እንዳልነካሁት ልናገር።

መጽሐፉን የላከችልኝ ያቺ ዲሲ ያለችው የአጎቴ ልጅ ናት። ደስ ብሎኝ ነበር። ለበዓል ነው የማነበው ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ዛፎን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በካንሰር ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። ዜናውን ሰምቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ተነስቼ መጽሐፉን መንካት ነው። ከእንግዲህ ሌላ አይመጣም። ይህ ሲያልቅ ያልቃል። በዚያው ዓመት አጫጭር ታሪኮቹ ተሰብስበው ታትመዋል፣ «የጭጋግ ከተማ» ይባላል፣ ለሚወደው ሰው ስጦታ ነው፣ ግን ቤቱ ውስጥ መልሶ የሚያስገባ በር አይደለም። ስለዚህ አልከፈትኩትም። ሳልጨርሰው ብቆይ ዛፎንም፣ ፌርሚንም፣ ያቺ ሴትዮም አሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ እስካልተነሳ ድረስ ሰው እየመጣ ስለ ሟች ያወራል አይደል? ድንኳኑ የተነሳ ዕለት ነው ቤቱ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው። እኔ ድንኳኑን 6 ዓመት አላስነሳም ብዬ ነበር።

ሰው ሲያወራ፣ መጽሐፍ ሲያልቅብኝ አዝናለሁ ይላል። እኔም እለው ነበር። አሁን ግን የምር ልንገራችሁ፣ ሳልጨርሰው የቆየሁት መጽሐፉን ስለወደድኩ ብቻ አልነበረም። ዳንኤል የእናቱን ፊት ያገኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ካገኘ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው።

ክረምት ላይ አንድ እሑድ ጀመርኩት። በ11 ቀን ጨረስኩት። መንገዱን አልነግራችሁም፣ አሊሲያ ግሪስን ራሳችሁ ተከተሏት፣ ከአራቱ መጻሕፍት ሰዎች ሁሉ ብቸኛዋና ጠንካራዋ እሷ ናት፣ ስትራመድ ሕመሟ ይሰማችኋል። አገዛዙ ከወላጆቻቸው ነጥቆ ለሌላ የሰጣቸው ልጆች ጉዳይም እዚያ ይወጣል፣ ስፔን ውስጥ የእውነት የሆነ ነገር ነው፣ ዛሬም ድረስ ወላጆቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ኢዛቤላ ማስታወሻ ትታለች። ልትሞት ስትል የጻፈችው፣ ለልጇ። ማስታወሻው ከዓመታት በኋላ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ዳንኤል ስለ ራሱ የማያውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱንም አልነግራችሁም።

ማስታወሻውን ሳነብ ያ ፍርሃቴ ደረሰ። እናትየው በራሷ አፍ ትናገራለች። በሁለተኛው መጽሐፍ የማውቃት ያቺ አፈ ስለታም ልጅ፣ አሁን ታማ፣ ጊዜ እንደሌላት አውቃ። ዳንኤል ያገኘው ፊቷን አይደለም። ፊት በወረቀት ላይ አይቀመጥም። ያገኘው አነጋገሯን ነው። ምን እንደሚያስቃት፣ ምን እንደሚያናድዳት፣ ሰውን እንዴት እንደምትሰድብ። ቤቱ 20 ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የጠበቀው ይህንን ነው። በመጨረሻ ደግሞ የዳንኤል ልጅ፣ ትንሹ ሁሊያን፣ ጸሐፊ ይሆናል፣ ስንከተለው የኖርነውን ታሪክም የሚጽፈው እሱ ነው። አያቱን አንድ ቀን እንኳን አይቷት አያውቅም። እሷን የጻፋት ግን እሱ ነው። የተነገረውን ሰብስቦ።

በነጋታው አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ የእናቴ ታናሽ። ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ከፊል ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ። ዝም ብዬ ትንሽ ለቀምኩና፣ «አክስቴ፣ የእማዬ ድምፅ እንዴት ነበር?» አልኳት። እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቀና ብላ አየችኝ። ትገረማለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም።

«እናትሽ እኮ» አለች፣ «ሬዲዮ ላይ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ፣ በነጋታው ውኃ ቦኖ ወረፋ ላይ ላልሰሙት ሴቶች እሷ ነበረች የምትተርክላቸው። ሰብለን ስትሆን ድምጿን ታቀጥነዋለች። ጉዱ ካሳን ስትሆን ታጎረንነዋለች፣ እንዲህ…» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገችና አጎረነነችው። አክስቴ ቀጭን ድምፅ ነው ያላት። አልተሳካላትም፣ ሳቀች፣ «እሷ እንዲህ አልነበረም፣ ቆይ» ብላ ደግማ ሞከረች። ከምስሩ ላይ እጄን አነሳሁ።

«እንደገና» አልኳት።